ላፕቶፕን ከዊንዶውስ 11 ወደ ዊንዶውስ 10 እንዴት መመለስ ይቻላል?

ላፕቶፓችሁ ዊንዶውስ 11 ከተጫነበት ወዲህ ተንቀራፈፈ? የቢሮው ፕሪንተር አልሠራ አለ? ወይስ ለዓመታት የሠራችሁበት የሂሳብ ፕሮግራም አልከፈት አለ? ወደ ዊንዶውስ 10 መመለስ ይቻላል። ጭነቱ ራሱ ያን ያህል አያስቸግርም። ሰው ፋይሉን የሚያጣው ወይም ዋይፋይ የማይሠራ ላፕቶፕ ይዞ የሚቀረው፣ ከመጫኑ በፊት መደረግ ያለበትን ስለሚዘል ነው። ስለዚህ ዝግጅቱ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ።

መመለሱ ያዋጣል?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) አብቅቷል። ለግል ተጠቃሚዎች እስከ ጥቅምት 2019 ዓ.ም. የሚዘልቅ የተራዘመ የደህንነት ማሻሻያ አለ። ለዚህ ግን መመዝገብ ያስፈልጋል። ሳትመዘገቡ በዚያው ላፕቶፕ የባንክ ሥራ መሥራትን በፍጹም አልመክርም።

ችግሩ ዝግታ ብቻ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር አስቀድማችሁ እዩ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። «ፐርፎርማንስ» የሚለው ውስጥ «ዲስክ 0» ላይ ኤችዲዲ ተብሎ ከተጻፈ፣ አጠቃቀሙም ምንም ሳትሠሩ 100 በመቶ አካባቢ ከሆነ፣ ጥፋቱ የዊንዶውሱ ብቻ አይደለም። ሃርድ ዲስኩ ነው የሚጎትታችሁ። ወደ ዊንዶውስ 10 ብትመለሱም ላፕቶፑ ብዙም አይፈጥንም። ገንዘቡ ካለ ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ እጅግ የሚፈጥን ዲስክ) አስገቡበት። ዊንዶውስ 10ን አዲሱ ኤስኤስዲ ላይ ከጫናችሁት አሮጌው ዲስክ ከነሙሉ ፋይሉ እጃችሁ ላይ ይቀራል። ከዚህ የተሻለ ባክአፕ የለም።

ወደ ዊንዶውስ 7 ልመለስ የሚል ካለ ግን ይተወው። ድጋፉ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 ተቋርጧል። አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ መጫኛው ዩኤስቢ 3ንም ሆነ አዲሶቹን ኤስኤስዲዎች አያውቃቸውም። ማውሱም ኪቦርዱም ሳይሠራ ስክሪኑ ላይ ፈጣችሁ ልትቀሩ ትችላላችሁ።

ከ10 ቀን ያልበለጣችሁ

ከዊንዶውስ 10 ወደ 11 ካሳደጋችሁ 10 ቀን ካልሞላችሁ፣ ሌላ ጣጣ ውስጥ አትግቡ። «ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ሲስተም»፣ ከዚያ «ሪከቨሪ» ክፈቱ። «ጎ ባክ» የሚለውን ተጫኑ። ምክንያታችሁን ይጠይቃል፣ አንዱን ምረጡና ቀጥሉ። የግል ፋይላችሁ አይነካም። ወደ 11 ካለፋችሁ በኋላ የጫናችኋቸው ፕሮግራሞች ግን ይጠፋሉ። ቢሆንም ባክአፕ ሳትይዙ አትጀምሩ።

«ጎ ባክ» ደብዝዞ አልጫን ካለ ቀኑ አልፏል፣ ወይም «ዊንዶውስ ኦልድ» የተባለው፣ የድሮው ዊንዶውስ የተቀመጠበት ፎልደር ቦታ ለማስለቀቅ ሲባል ተሰርዟል። ያኔ ያለው መንገድ እንደ አዲስ መጫን ነው።

ከመጫናችሁ በፊት

ፋይላችሁን ኤክስተርናል ዲስክ ላይ ገልብጡ። ዴስክቶፕን፣ ዶክመንትስንና ፎቶዎችን ሁሉም ያስታውሳል። የሚረሳው «ዳውንሎድስ» ውስጥ ያለው የቴሌግራም ፎልደር ነው። የብዙ ሰው ደረሰኝ፣ ውልና ሲቪ እዚያ ነው የተከማቸው። ብሮውዘራችሁ ያስቀመጣቸው ፓስዎርዶችም ከጉግል አካውንታችሁ ጋር ሲንክ መደረጋቸውን አረጋግጡ።

ፒችትሪ የምትጠቀሙ የሂሳብ ሠራተኞች፣ ፎልደሩን ኮፒ በማድረግ ብቻ አትተማመኑ። ፕሮግራሙን ከፍታችሁ «ፋይል» ከሚለው ሜኑ «ባክ አፕ» አድርጉ። የመጫኛ ፋይሉና ሲሪያል ቁጥሩ እጃችሁ ላይ እንዳለ እዩ። ከጠፋባችሁ ፎርማት ካደረጋችሁ በኋላ ማግኘቱ መከራ ነው።

የአማርኛ ነገር ደግሞ አለ። በድሮዎቹ የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች ፎንቱ ከሌለ የማይነበብ ምልክት ሆነው ነው የሚከፈቱት። «ሲ» ድራይቭ ላይ፣ «ዊንዶውስ» ውስጥ «ፎንትስ» የሚለውን ፎልደር ክፈቱና የምትጠቀሙባቸውን ፎንቶች ገልብጡ። የፓወር ግዕዝን መጫኛም አብራችሁ ያዙ።

ቀጥሎ ቢትሎከር። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ዲስካቸው ተቆልፎ ነው የሚመጣው፤ ባለቤቱ አያውቀውም። ባለ 48 አሃዙ የመክፈቻ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ላይ ይቀመጣል። በስልካችሁ ገብታችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት። «ዲ» ድራይቭም የተቆለፈ ከሆነ፣ ያለዚህ ቁጥር አዲሱ ዊንዶውስ ሊከፍተው አይችልም።

«ሴቲንግስ»፣ «ሲስተም» ውስጥ «አክቲቬሽን» የሚለውንም እዩ። ዲጂታል ላይሰንስ አለው ካለና ላፕቶፑ ድሮ ዊንዶውስ 10 ከነበረበት፣ ኢንተርኔት ሲያገኝ በራሱ አክቲቬት ይሆናል። ሆም ይሁን ፕሮ ግን መዝግቡ፤ ስትጭኑ ያንኑ መምረጥ አለባችሁ።

የመጨረሻው ድራይቨር ነው፤ ዊንዶውስ ዋይፋዩንና ሌሎቹን የላፕቶፑን ክፍሎች የሚያሠራበት ፕሮግራም ማለት ነው። የላፕቶፑን ሞዴል ከታች ካለው ስቲከር አንብባችሁ፣ ከአምራቹ ድረ ገጽ የዋይፋዩን የዊንዶውስ 10 ድራይቨር አውርዱ። ፕሮሰሰሩ 11ኛ ትውልድ ኢንቴል ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የኢንቴል ራፒድ ስቶሬጅ ድራይቨርንም ጨምሩ። አለበለዚያ መጫኛው ዲስክ አላገኘሁም ብሎ ሊያቆማችሁ ይችላል።

ፍላሹን ማዘጋጀት

8 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ፍላሽ ያስፈልጋል። ውስጡ ያለው በሙሉ ይጠፋል። ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ የዊንዶውስ 10ን ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል አውርዳችሁ ክፈቱ፣ ለሌላ ኮምፒውተር መጫኛ አዘጋጅ የሚለውን ምረጡና ፍላሹን አሳዩት። ከ4 ጊጋባይት በላይ ዳታ ሊበላ ስለሚችል ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሥሩት። ሲያልቅ ያወረዳችኋቸውን ድራይቨሮች ከፍታችሁ (ዚፕ እንደሆኑ ሳይሆን) እዚያው ፍላሽ ላይ አስቀምጡ።

ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረውን «አክቲቬት የተደረገ» ዊንዶውስ አትጠቀሙ። ውስጡ ምን እንደተከተተበት አታውቁም። የገዛችሁት ላይሰንስ እያለ ደግሞ ምንም አያስፈልጋችሁም።

መጫኑ

ባትሪውን ሙሉ፣ ቻርጀሩንም ሰክታችሁ ተዉት። መሃል ላይ መብራት ቢሄድ ባትሪው ይይዝላችኋል። ፍላሹን ሰክታችሁ ላፕቶፑን ስታበሩ የቡት ሜኑውን (ላፕቶፑ ከየትኛው ዲስክ ወይም ፍላሽ እንደሚነሳ የሚያስመርጠውን) ቁልፍ ደጋግማችሁ ምቱ። ዴልና ሌኖቮ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ኤፍ12 ነው፤ ኤችፒ ላይ ኤፍ9፣ አሱስ ላይ ኢስኬፕ። ፍላሹን ምረጡ።

ቋንቋውን አልፋችሁ «ኢንስቶል ናው» በሉ። ፕሮዳክት ኪይ ሲጠይቅ የለኝም የሚለውን ምረጡ። ቀጥሎ «ከስተም» የሚለውን።

አሁን የመጣው ስክሪን ላይ ቀስ በሉ። ፋይል የሚጠፋው እዚህ ነው። «ሲ» ወይም «ዲ» የሚል ፊደል አታገኙም። የምታዩት «ድራይቭ 0 ፓርቲሽን 1»፣ «ፓርቲሽን 2» እያለ የሚወርድ የዲስኩ ክፍሎች (ፓርቲሽኖች) ዝርዝርና መጠናቸውን ብቻ ነው። ጥቃቅኖቹ የሲስተሙ ናቸው። ከትልልቆቹ የትኛው «ሲ» እንደሆነ የምትለዩት በመጠኑ ነው። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት «ዚስ ፒሲ»ን ከፍታችሁ የድራይቮቹን መጠን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። «ሲ» 118 ጊጋ፣ «ዲ» 346 ጊጋ ከነበረ፣ ፎርማት የምታደርጉት 118 የሚለውን ብቻ ነው። ከዚያ እሱኑ መርጣችሁ «ኔክስት»። ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ «ሎድ ድራይቨር» ብላችሁ ፍላሹ ላይ ያስቀመጣችሁትን የኢንቴል ድራይቨር አሳዩት።

ከዚህ በኋላ ራሱ ይሠራል። ለመጀመሪያ ጊዜ ጠፍቶ ሲነሳ ፍላሹን ንቀሉ፤ አንዳንዱ ላፕቶፕ ካልተነቀለ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ሲያልቅ ዋይፋይ ከሌለ የአንድሮይድ ስልካችሁን በዩኤስቢ ገመድ ሰክታችሁ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» (የስልኩን ኢንተርኔት ለላፕቶፑ የሚያካፍለውን) አብሩ። ዊንዶውስ 10 ብዙውን ጊዜ ያለ ምንም ድራይቨር ይቀበለዋል። ከዚያ ዊንዶውስ አፕዴትን አስኪዱ። የተራዘመው የደህንነት ማሻሻያ ምዝገባም እዚያው ገጽ ላይ ነው የሚገኘው። አፕዴቱ መልሶ ወደ 11 ግቡ የሚል ግብዣ ካሳያችሁ አሁን ባላችሁበት ቆዩ የሚለውን ምረጡ። «ዲቫይስ ማኔጀር» ውስጥ ቢጫ ምልክት ያለበት ነገር ካለ የእሱ ድራይቨር ይቀራል ማለት ነው።

ኤክስተርናሉ ላይ ያለውን ባክአፕ ቶሎ አታጥፉት። ፕሪንተሩ እስኪያትም፣ የሂሳብ ፕሮግራሙ ተከፍቶ የድሮውን መዝገብ እስኪያሳያችሁ ድረስ ይቆይ።