ነጠላ ስውር ሙከራን ከተመራማሪው ቅድመ ግምት መጠበቅ

የሥነ ልቦና ሙከራ ለማካሄድ ያቀደ ሰው የመጀመሪያው ተሳታፊ ወደ ክፍሉ ከመግባቱ በፊት አንድ ሠንጠረዥ ቢያዘጋጅ ብዙ ጥፋት አስቀድሞ ይከላከላል። በመጀመሪያው ዓምድ፣ ከራሱ ከተሳታፊው ጀምሮ፣ ከሙከራው ጋር ንክኪ ያላቸው ሰዎች ሁሉ ይዘረዘራሉ፤ ተሳታፊዎችን የሚመለምለው፣ በየቡድኑ የሚመድበው፣ መመሪያ የሚያነበው፣ ውጤት የሚለካው፣ የተቀዳ ንግግር ሰምቶ ነጥብ የሚሰጠው፣ በመጨረሻም ስሌቱን የሚሠራው። በሁለተኛው ዓምድ እያንዳንዱ ሰው ተሳታፊው በየትኛው ቡድን እንደተመደበ (ምድቡን) ያውቅ እንደሆነ፣ በሦስተኛው ደግሞ የጥናቱን መላምት ያውቅ እንደሆነ ይጻፋል። ብዙዎች እነዚህን ሁለቱን እንደ አንድ ይቆጥሯቸዋል። ሆኖም ምድቡን እያወቀ ምን ውጤት እንደሚጠበቅ ያልተነገረው ረዳትና ሁለቱንም ጠንቅቆ የሚያውቀው ዋና ተመራማሪ በውጤቱ ላይ የሚያሳድሩት ጫና እኩል አይደለም።

ተመራማሪዎች ሲንግል ብላይንድ የሚሉት ነጠላ ስውር ንድፍ፣ በዚህ ሠንጠረዥ ሲታይ፣ «ምድቡን አያውቅም» የሚለው ቃል በተሳታፊው ረድፍ ላይ ብቻ የሚጻፍበት ንድፍ ነው። ተሳታፊው እውነተኛውን ሥልጠና ይውሰድ ወይም ለማነጻጸሪያ የተዘጋጀውን አያውቅም፤ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ የሚያነጋግረው ሰው ግን ያውቃል። በድርብ ስውር ንድፍ ሁለቱም አያውቁም። ነጠላ ስውር ሙከራ አንዱን የስሕተት በር ዘግቶ ሌላውን ክፍት ይተዋል፤ ይህ መመሪያም በዋናነት ስለዚያ ክፍት ስለቀረው በር ነው።

በሩ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮበርት ሮዘንታልና ከርሚት ፎድ በ1963 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ያሳተሙት ጥናት ያሳያል። 12 ተማሪዎች እያንዳንዳቸው 5 አይጦች ተረክበው ትክክለኛውን መንገድ መርጠው እንዲሄዱ እንዲያለማምዷቸው ተደረገ። ለግማሾቹ ተማሪዎች አይጦቹ ቶሎ ከሚማር ዘር የተገኙ እንደሆኑ፣ ለሌሎቹ ደግሞ ከደካማ ዘር የመጡ እንደሆኑ ተነገራቸው። በእውነቱ ግን አይጦቹ ተራ የቤተ ሙከራ አይጦች ነበሩ፤ «ፈጣን» እና «ደካማ» የሚለው ስያሜም የተሰጣቸው በዕጣ ነበር። ያም ሆኖ ፈጣን የተባሉት በልጠው ተገኙ፤ ያለማመዷቸውም ተማሪዎች አይጦቻቸውን ይበልጥ እንደወደዷቸውና በእጃቸው ሲይዟቸውም በእርጋታ እንደነበር ተናገሩ። ግምት በእጅ አያያዝ በኩል ወደ እንስሳ የሚተላለፍ ከሆነ፣ የድምፅን ቃናና የፊትን ገጽታ ማንበብ ወደሚችል ሰው መተላለፉ ሊያስገርም አይገባም።

ከዚህ በፊት በ1907 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኦስካር ፕፉንግስት በበርሊን ያጠናው ሐንስ የተባለ ፈረስ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጥ ትምህርት የያዘ ነው። ፈረሱ በሰኮናው መሬት እየመታ ለሒሳብ ጥያቄ መልስ ይሰጣል ይባል ነበር፤ ነገር ግን ጠያቂው ራሱ መልሱን በማያውቅበት ጊዜ ይሳሳት ነበር። ፈረሱ ይከተል የነበረው ጠያቂው ትክክለኛው ቁጥር ሲደርስ ሳያውቀው የሚያሳየውን እጅግ ጥቃቅን የራስ እንቅስቃሴ ነው። ከዚህ ታሪክ ብዙ ጊዜ ሳይነገር የሚታለፈው ክፍል፣ ፕፉንግስት ምልክቱን ራሱ ካገኘው በኋላም እንኳ እርሱን ከማሳየት ራሱን መግታት አዳጋች ሆኖበት መገኘቱ ነው። ስለዚህ «አድልዎ መኖሩን ስለማውቅ እጠነቀቃለሁ» ማለት መፍትሔ ሊሆን አይችልም። መፍትሔው ዕውቀቱን ሊጎዳ ከሚችልበት ቦታ ማራቅ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከምደባው ነው። የዕጣውን ቅደም ተከተል ከተሳታፊዎች ጋር የማይገናኝ ሰው በኮምፒውተር ያውጣ፤ እያንዳንዱ ምድብ በተራ ቁጥር በታተመበት፣ ብርሃን በማያሳልፍ የታሸገ ፖስታ ውስጥ ይቀመጥ። ፖስታው የሚከፈተው ተሳታፊው ፈቃዱን በፊርማ ከገለጸና የመነሻ ልኬቱ ከተወሰደ በኋላ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ከተከፈተ፣ መልማዩ ተስፋ የጣለበትን ሰው ወደሚወደው ቡድን የማስገባት፣ ያልተመቸውን ደግሞ በሆነ ምክንያት የመመለስ ዕድል ያገኛል። ቡድኖቹ በቁጥር እንዲመጣጠኑ ምደባው በየአራት ሰው እየተከፋፈለ የሚሠራ ከሆነ፣ ሦስቱን ያየ ረዳት አራተኛውን ያለ ችግር ሊተነብይ ስለሚችል፣ የክፍልፋዩ መጠን ከዙር ወደ ዙር ይለዋወጥ።

ቀጥሎ የሚመጣው ተመራማሪውና ተሳታፊው ፊት ለፊት የሚገናኙበት ጊዜ ነው። መመሪያው በድምፅ ተቀድቶ ወይም በስክሪን ተጽፎ ቢቀርብ፣ ለሁለቱም ቡድኖች አንድ ዓይነት ቃና ይኖረዋል። ምድቡን ኮምፒውተሩ በሚወስንበት ሙከራ፣ ረዳቱ ተሳታፊውን አስቀምጦ ከክፍሉ እስኪወጣ ድረስ ምንም ሳያውቅ ሊቆይ ይችላል፤ እንዲህ ሲሆን ነጠላ ስውር ተብሎ የታቀደው ጥናት ያለ ብዙ ወጪ ድርብ ስውር ይሆናል። እንደ እኔ እምነት፣ በሥነ ልቦና ውስጥ ከሚካሄዱት ነጠላ ስውር ሙከራዎች ብዙዎቹ እንደዚያ የሆኑት ሌላ አማራጭ ጠፍቶ ሳይሆን ስለ አማራጩ በጊዜው ሳይታሰብ በመቅረቱ ነው።

ሰው ራሱ ማቅረብ ያለበት ነገር ሲሆን፣ ለምሳሌ የምክር አገልግሎት ወይም የቃል ማበረታቻ ሲሰጥ፣ ሥራውን ለሁለት ሰዎች መክፈል ያስፈልጋል። አንዱ አገልግሎቱን ይሰጣል፤ ምድቡን ማወቁም የማይቀር ነው። ሌላው ውጤቱን ይለካል፤ እርሱ ግን ምድቡን ፈጽሞ ማወቅ የለበትም። ሁለቱ ስለ ተሳታፊዎች እንዳይነጋገሩ፣ መዝገቦቻቸውም በተለያየ ቦታ እንዲቀመጡ ይደረግ። ምስጢሩ በብዛት የሚወጣው ከተሳታፊው አፍ ስለሆነ፣ የሚለካው ሰው ገና ሰላምታ ሳይለዋወጥ «እስካሁን ስለተሰጠዎት አገልግሎት እባክዎ ምንም አይንገሩኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር ከጽሑፍ ማንበቡ ትልቅ ጥቅም አለው።

በልኬቱ ላይ ረዘም ብሎ መቆየት ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም ግምት ውጤትን በሁለት መንገድ ሊያዛባ ይችላል፤ የተሳታፊውን ባሕርይ በእርግጥ በመለወጥ፣ ወይም ባሕርዩ ሳይለወጥ የሚመዘገበውን ቁጥር በመለወጥ። በ2012 ስቴፋን ዶየንና ባልደረቦቹ በብራስልስ ያሳተሙት ጥናት እነዚህን ሁለቱን ለይቶ ለማየት ያስችላል። ከዚያ ቀደም በ1996 በታተመ ዝነኛ ጥናት፣ እርጅናን የሚያስታውሱ ቃላት ያነበቡ ሰዎች ከክፍሉ ሲወጡ በዝግታ እንደተራመዱ ተዘግቦ ነበር። የብራስልሶቹ ተመራማሪዎች ጊዜውን በኢንፍራሬድ ጨረር ሲለኩና ሙከራውን የሚመሩት ሰዎች ስለሚጠበቀው ውጤት ምንም ሳያውቁ ሲቀሩ፣ ልዩነቱን አላገኙትም። በሁለተኛው ሙከራቸው ግን ለግማሾቹ ረዳቶች ቃላቱን ያነበቡት ተሳታፊዎች እንደሚዘገዩ፣ ለሌሎቹ ግማሾች ደግሞ እንደሚፈጥኑ ነገሯቸው። በዚህ ጊዜ መዘግየት እንደሚመጣ በተነገራቸው ረዳቶች ዘንድ ተሳታፊዎቹ በጨረሩ ሲለኩም ዘግይተው ተገኙ፤ መፍጠን እንደሚመጣ በተነገራቸው ዘንድ ግን ረዳቶቹ በእጃቸው በያዙት ሰዓት የመዘገቡት ጊዜ ወደሚጠብቁት አቅጣጫ አዘነበለ።

ለሥራ የሚጠቅመው ትምህርት ግልጽ ነው። መሣሪያ ሊለካው የሚችለውን ነገር ሰው አይለካው፤ ነገር ግን መሣሪያ መጠቀም ብቻውን አይበቃም፤ ምክንያቱም ፍጹም ትክክለኛ የሆነ ሰዓት በተመራማሪው ሁኔታ የተነካን ሰው እርምጃ በትክክል ከመለካት በቀር የሚያደርገው ነገር የለም። ልኬቱንና ግንኙነቱን ሁለቱንም መጠበቅ ያስፈልጋል።

ንግግርን፣ ጽሑፍን ወይም ቪዲዮን መዝኖ ነጥብ መስጠት በሚያስፈልግበት ጊዜ ፋይሎቹ ቡድኑን ከማይገልጽ የዘፈቀደ መለያ ቁጥር በቀር ሌላ ስም ሊኖራቸው አይገባም። የአንዱን ቡድን ፋይሎች ጨርሶ ወደ ሌላው ከመሄድ ይልቅ የሁለቱም ቡድኖች ፋይሎች ተደባልቀው ይቅረቡ፤ ተሳታፊው ምድቡን የሚገልጽ ቃል የተናገረበት ቦታም አስቀድሞ ይቆረጥ። አንድ የተለመደ ስሕተት እዚህ ላይ መጠቀስ አለበት። ብዙ ጥናቶች ሁለት መዛኞች በመስማማታቸው ብቻ ምዘናው ከአድልዎ ነጻ እንደሆነ አድርገው ያቀርባሉ። ሁለቱም ምድቡን የሚያውቁ ከሆነ ግን ስምምነታቸው ከጋራ ግምታቸው ሊመጣ ይችላል፤ ስምምነት የሚያረጋግጠው ሁለቱ አንድ ዓይነት ነጥብ መስጠታቸውን እንጂ የሰጡት ነጥብ ያልተዛባ መሆኑን አይደለም። ምድቡን የሚያውቁና የማያውቁ መዛኞች ጎን ለጎን የሠሩባቸውን የሕክምና ሙከራዎች ያሰባሰበና በ2013 የታተመ ትንተና እንዳሳየው፣ በመለኪያ ሚዛን ነጥብ በሚሰጥባቸው ሙከራዎች ምድቡን የሚያውቁት መዛኞች የሕክምናውን ውጤት በአማካይ በ68 በመቶ አጋንነውት ነበር።

እስካሁን የተባለው ስለ ተመራማሪው ነው፤ ሆኖም በተሳታፊው በኩል ያለው በር ተዘግቷል ብሎ መዘናጋትም አይገባም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማርቲን ኦርን በ1962 እንደገለጸው፣ ወደ ቤተ ሙከራ የሚመጣ ሰው ጥናቱ ምን እንደሚፈልግ ለማወቅና ጥሩ ተሳታፊ ሆኖ ለመገኘት ይጥራል። ኦርን ለተሳታፊዎች እያንዳንዳቸው 224 የመደመር ስሌት የያዙ 2,000 ወረቀቶች ሰጥቶ እንዲሠሩ ሲጠይቃቸው፣ ከ5 ሰዓት ተኩል በኋላ የታከተው ተሳታፊው ሳይሆን ሙከራውን የሚመራው ነበር። እንዲህ ያለ ፈቃደኝነት ያለው ሰው ምድቡን ባይነገረውም እንኳ ከማስታወቂያው፣ ከፈቃድ ቅጹና ከጥያቄዎቹ ቅደም ተከተል ፍንጭ ይለቅማል።

ይህ በ2016 በታተመ የአእምሮ ሥልጠና ጥናት በግልጽ ታይቷል። አንዳንዶቹ ተሳታፊዎች የተመለመሉት ሥልጠናው የአእምሮ ችሎታን እንደሚያሳድግ በሚጠቁም ማስታወቂያ፣ ሌሎቹ ደግሞ ስለዚህ ምንም በማይል ማስታወቂያ ነበር። ሁሉም ያንኑ የአንድ ሰዓት ልምምድ ሠሩ፤ በቀጣዩ የችሎታ ፈተና ግን ከ5 እስከ 10 በሚደርስ የአይኪው ነጥብ የተሻሻሉት የመጀመሪያውን ማስታወቂያ ያዩት ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ማስታወቂያውም ሆነ የፈቃድ ቅጹ የሚጠበቀውን ውጤት መጥቀስ የለበትም። ለማነጻጸሪያ የሚሰጠው ተግባርም ጊዜና ድካም ማስተካከሉ ብቻ አይበቃውም፤ እንደ ዋናው ሁሉ ተስፋ የሚያሳድር መሆን አለበት። ይህን ማረጋገጥ የሚቻለው ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት፣ በሙከራው የማይሳተፉ ሰዎች ሁለቱን ተግባራት አይተው ከእያንዳንዳቸው ምን መሻሻል እንደሚጠብቁ በመጠየቅ ነው። መልሳቸው ከተለያየ፣ የማነጻጸሪያው ተግባር ይለወጥ።

ስውርነቱ መጠበቁን መፈተሽም የንድፉ አካል ነው። ተሳታፊው የትኛው ቡድን ውስጥ እንደነበረ እንዲገምት፣ የግምቱን እርግጠኝነትና ምክንያት እንዲጽፍ ይጠየቅ፤ የሚለካውም ሰው ስለ እያንዳንዱ ተሳታፊ እንዲሁ ያድርግ፤ ረዳቶችም የጥናቱ መላምት ምን እንደሚመስላቸው በጽሑፍ ይስጡ። ምክንያቱን መጠየቅ የሚያስፈልገው፣ ሥልጠናው በእውነት ሠርቶ ለውጥ ያየ ተሳታፊ ምድቡን በትክክል ሊገምት ስለሚችል ነው። ይህን ለመለየት የመጀመሪያው ጥያቄ ገና ለውጥ ሳይታይ፣ ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በኋላ ቢቀርብ ይመረጣል።

ስሌቱን የሚሠራው ሰው ቡድኖቹን ትርጉም በሌላቸው ሁለት ፊደላት ብቻ ይወቃቸው፤ የትኛው ተሳታፊ ከስሌቱ እንደሚወጣና የትኛው ፈተና ዋና ውጤት እንደሆነ የፊደላቱ ፍቺ ከመገለጡ በፊት ተወስኖ በጽሑፍ ይቀመጥ።

በዘገባው ላይ «ጥናቱ ነጠላ ስውር ነበር» ብሎ ማለፍ በቂ አይደለም፤ አንዳንድ ጸሐፊዎች በዚሁ ቃል ምድቡን ያላወቀው ተሳታፊው ሳይሆን መዛኙ እንደሆነ ይገልጹበታልና። ኮንሶርት የተባለው የዘገባ መመሪያ የ2010 እትምም ከስያሜው ይልቅ እነማን እንዳላወቁና ስውርነቱ እንዴት እንደተጠበቀ በዝርዝር እንዲጻፍ ይጠይቃል። በመጀመሪያ የተዘጋጀው ሠንጠረዥ ለዚህ ተግባር እንዳለ ሊገባ ይችላል፤ ምስጢሩ የወጣባቸው አጋጣሚዎችም በስንት ተሳታፊዎች ላይ፣ በየትኛው ቡድንና መቼ እንደደረሱ አብረው ይጻፉ።

ለተሳታፊዎች የተደበቀባቸውን ነገር መግለጥ የሥነ ምግባር ግዴታ ነው፤ ጊዜው ግን መመረጥ አለበት። ዛሬ ሙከራውን ጨርሶ መላምቱን የሰማ ሰው ነገ ለሚመጣው ጓደኛው ሊነግረው ስለሚችል፣ በተሳታፊው ላይ ጉዳት የማያስከትል እስከሆነ ድረስ ሙሉው ማብራሪያ የመጨረሻው ተሳታፊ ልኬት እስኪጠናቀቅ ይዘግይ። ይህም እንደሚሆን በፈቃድ ቅጹ ላይ አስቀድሞ ተነግሯቸው፣ ማብራሪያው ለሁሉም በአንድ ቀን በጽሑፍ ይላክላቸው።