ገንዘብ «ማውጣት» የሚለውን ቃል በትክክል ለመጠቀም
«ማውጣት» ስለ ገንዘብ ሲነገር ሁለት ነገር ሊያመለክት ስለሚችል፣ ጸሐፊው አብሮት የሚገባውን መስተዋድድ በጥንቃቄ መምረጥ ይኖርበታል። ሐዋሳ ላይ «ከባንክ 500 ብር አወጣሁ» ያለ ሰው ብሩ ገና ኪሱ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ «አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ሄጄ ለዓሣ 500 ብር አወጣሁ» ያለው ግን ከፍሎ ጨርሷል። ስለዚህ ወጪን ሲገልጹ «ለ»ን አይተዉ።

«አጠፋሁ» ብዙ ጊዜ የጸጸት ቃና አለው፤ «አባከንኩ» ደግሞ ገንዘቡ ያለ ጥቅም መቅረቱን በግልጽ ይናገራል። እናት ለልጇ ትምህርት የከፈለችውን «አጠፋች» ብሎ መጻፍ፣ በእኔ እምነት፣ ልፋቷን ማሳነስ ስለሆነ «አወጣች» ይበሉ። በሒሳብ መዝገብ ላይ ግን «ወጪ ተደረገ» የተለመደው አጻጻፍ ነው።