«ኢኮኖሚው አደገ፣ ልቀቱ ቀነሰ» የሚል ሪፖርት እንዴት ይመረመራል?

አንድ አገር ኢኮኖሚው እያደገ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀቱ መቀነሱን የሚገልጽ ሪፖርት ሲወጣ፣ አስቀድሞ መለየት ያለበት ቀነሰ የተባለው ነገር ምን እንደሆነ ነው። ጠቅላላው ልቀት ነው ወይስ ልቀቱ ለምርቱ ተካፍሎ የተገኘው ውጤት? ሁለቱ በአንድ ሪፖርት ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው በተቃራኒ አቅጣጫ ሊጓዙ ይችላሉ፤ ወደ አርዕስቱ የሚወጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ለጆሮ የሚጥመው ነው።

ለምርመራው የሚያገለግለው መሣሪያ በጃፓናዊው የኃይል ኢኮኖሚ ምሁር በዮይቺ ካያ ስም የሚጠራው ቀመር ነው። በዚህ ቀመር መሠረት ልቀት የአራት ነገሮች ብዜት ነው፤ እነርሱም የሕዝብ ብዛት፣ የነፍስ ወከፍ ምርት፣ ለእያንዳንዱ የምርት መጠን የዋለው ኃይል እና ከእያንዳንዱ የኃይል መጠን የሚወጣው ካርቦን ናቸው። ቀመሩ የሒሳብ እኩልነት እንጂ ምክንያትን የሚያስረዳ ንድፈ ሐሳብ አይደለም። ለውጡ ከየትኛው ክፍል እንደመጣ ይጠቁማል፤ ለምን እንደመጣ ግን መርማሪው ራሱ ማጣራት አለበት።

አሠራሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። የአንድ አገር ጠቅላላ ምርት (የሕዝብ ብዛትና የነፍስ ወከፍ ምርት ብዜት)፣ የኃይል ፍጆታ እና ልቀት በመነሻው ዓመት እያንዳንዳቸው 100 ነበሩ እንበል። ከአሥር ዓመት በኋላ ምርቱ 140፣ ፍጆታው 115፣ ልቀቱ 105 ሆነ። ልቀቱን ለምርቱ ስናካፍል 0.75 እናገኛለን፤ ስለዚህ ሪፖርቱ «የኢኮኖሚያችን የካርቦን ጫና በሩብ ቀነሰ» ብሎ ቢጽፍ አልዋሸም። ከባቢ አየሩ የደረሰው ግን በመነሻው ዓመት ከነበረው በ5 በመቶ የበለጠ ጋዝ ነው። ቀጥሎ ፍጆታውን ለምርቱ (115 ለ140) ስናካፍል 0.82፣ ልቀቱን ለፍጆታው (105 ለ115) ስናካፍል ደግሞ 0.91 ይመጣል። ከዚህ የምንረዳው የመሻሻሉ ትልቁ ድርሻ የተገኘው ለምርት የሚያስፈልገው ኃይል በመቀነሱ እንደሆነና የኃይል ምንጮቹ ራሳቸው ብዙም እንዳልተለወጡ ነው። በዚህ ስሌት ውስጥ ምርቱ የዋጋ ንረት ተቀንሶለት በቋሚ ዋጋ የተለካ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ የዋጋ ጭማሪ የቁጠባ ውጤት መስሎ ይታያል።

ለምርት የሚያስፈልገው ኃይል የሚቀንሰው በሁለት በጣም በሚለያዩ መንገዶች ነው። አንደኛው ያው ፋብሪካ ያንኑ ምርት በተሻለ መሣሪያ በአነስተኛ ኃይል ሲያመርት ነው። ሁለተኛው ብረትና ሲሚንቶ የሚያመርቱት ፋብሪካዎች ተዘግተው ምርታቸው ከውጭ መግባት ሲጀምር ነው፤ በዚህ ጊዜ ልቀቱ ድንበር ተሻገረ እንጂ አልጠፋም። ስለዚህ በአገር ውስጥ የወጣውን ልቀት ከውጭ የገቡ ዕቃዎችን ከሚያካትተው የፍጆታ ልቀት ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። የዓለም አቀፍ በረራና የመርከብ ጉዞ ልቀትም በአገሮች ድምር ውስጥ እንደማይገባ መዘንጋት የለበትም።

የቀመሩ አራተኛ ክፍል፣ ማለትም ከእያንዳንዱ የኃይል መጠን የሚወጣው ካርቦን፣ በነዳጁ ዓይነት ይወሰናል። አንድ ጊጋጁል (የኃይል መለኪያ) ሙቀት ለማግኘት የድንጋይ ከሰል ሲቃጠል ወደ 95 ኪሎ ግራም፣ የተፈጥሮ ጋዝ ሲቃጠል ደግሞ ወደ 56 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ከከሰል ወደ ጋዝ መሸጋገር ቁጥሩን በእርግጥ ያሻሽላል፤ ሆኖም ከጉድጓድና ከቧንቧ የሚያፈተልከው ሚቴን የተባለው ከባቢ አየርን የሚያሞቅ ጋዝ ካልተቆጠረ ሥዕሉ ጎደሎ ነው። ብሪታንያ በ2024 እ.ኤ.አ. የመጨረሻውን የከሰል ኤሌክትሪክ ማመንጫ እንደዘጋችው ዓይነት ለውጥ የሚታየው በዚህ ክፍል ነው። ቀመሩ የሚያየው ካርቦንን ብቻ ስለሆነ በግድብ የተዋጠ መሬትም ሆነ ከማዕድን ማውጫ የሚወጣ ዝቃጭ ለብቻው መታየት ይኖርበታል።

መነሻው ዓመትም መመርመር አለበት። በ2020 እ.ኤ.አ. በወረርሽኙ ምክንያት የዓለም ልቀት ወደ 5 በመቶ ገደማ ወርዶ በቀጣዩ ዓመት አንሠራርቷል፤ ይህን ዓመት መጨረሻው ያደረገ ሪፖርት መልካም፣ መነሻው ያደረገ ደግሞ መጥፎ ውጤት ያሳያል። ስለዚህ ሁለት ዓመታትን ብቻ ነጥሎ ከማወዳደር ይልቅ የዓመታቱን ተከታታይ አኃዝ ማየት ይሻላል።

ሪፖርቱ ወደፊት በቁጠባ ብቻ ልቀት እንደሚቀንስ የሚተነብይ ከሆነ ጥንቃቄው ይጨምራል። እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ምሁር ዊልያም ስታንሊ ጄቨንስ በ1865 እ.ኤ.አ. እንዳመለከተው፣ የእንፋሎት ሞተር ከሰል ቆጣቢ ሲሆን አገልግሎቱ ስለሚረክስ በብዙ ቦታ ይተከላል፤ ጠቅላላ የከሰል ፍጆታም ይጨምራል። ጭማሪው ሁልጊዜ ቁጠባውን ሙሉ በሙሉ ይውጠዋል ማለት አይደለም፤ ግን ትንበያው ከቁጠባው ላይ ምን ያህሉን ቀንሶ እንዳሰላ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በመጨረሻ የለውጡ ፍጥነት ይሰላል። በምሳሌያችን ያለው አገር በአሥር ዓመት ውስጥ በ40 በመቶ እያደገ ልቀቱን በግማሽ ለመቀነስ ቢፈልግ ኖሮ፣ 50ን ለ140 ስናካፍል 0.36 ስለምናገኝ፣ ለእያንዳንዱ የምርት መጠን የሚወጣው ልቀት በ64 በመቶ መውረድ ነበረበት፤ የወረደው ግን በ25 በመቶ ነው።