ትንሽ አውሮፕላን ማብረር ሲማሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በስልጠና በረራ ላይ ስህተት የሚታይበት ቦታና የተሠራበት ቦታ ብዙ ጊዜ አይገናኙም። አውሮፕላኗ መሬት ነክታ ስትነጥር ሁሉም የሚያወራው ስለ ማረፉ ነው፤ ነገሩ የተበላሸው ግን ከሁለት ደቂቃ በፊት፣ ፍጥነት መቀነስ ሲገባው ሳይቀነስ የቀረ ጊዜ ነው። ነዳጅ የሚያልቀው አየር ላይ ነው፤ ጥፋቱ ግን መሬት ላይ ታንኩን ከፍቶ ያላየው ሰው ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ስህተት ሳነሳ የሚወለድበትን ቦታ ለማሳየት እሞክራለሁ። ምሳሌዎቼ በአብዛኛው እንደ ሴስና 172 ያሉ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላኖችን የሚመለከቱ ናቸው፤ ብዙ ሰው ማብረር የሚጀምረው በእነሱ ነውና።

ዓይንን ከመሳሪያዎቹ ላይ አለማንሳት

ኮምፒውተር ላይ በረራ ሲለማመዱ ቆይተው የሚመጡ ሰልጣኞች ላይ ይህ ይበረታል። መርፌዎቹን ሲያሳድዱ መስኮቱን ይረሱታል። የመውጣትና የመውረድ ፍጥነትን የሚያሳየው መሳሪያ ጥቂት ሰከንዶች ዘግይቶ ነው የሚናገረው። ሰልጣኙ መርፌው ወደ ታች ሲወርድ መሪውን ይስባል፤ መርፌው ገና ምላሽ ሳይሰጥ ጨምሮ ይስባል፤ ወዲያው መርፌው ወደ ላይ ይወረወርና ደግሞ ይገፋል። አውሮፕላኗ እንዲህ ስትዋዥቅ ጥፋቱ የእሷ ይመስላል። አየሩ ጥርት ባለ ቀን ዋናው መሳሪያ አፍንጫዋ ከአድማሱ በላይ ወይም በታች ያላት ቦታ ነው። እሱን ይያዙ፤ መርፌዎቹን ለማረጋገጫ ብቻ በጨረፍታ ይመልከቷቸው።

ውጭ ማየት ሌላም ጥቅም አለው። ሊጋጭዎት የሚመጣ አውሮፕላን በመስታወቱ ላይ ቦታውን አይቀይርም። ሁለታችሁም ቀጥ ብላችሁ በቋሚ ፍጥነት እስከበረራችሁ ድረስ አንድ ቦታ ላይ ተተክሎ ይቆያል፣ መጀመሪያ እንደ ነጥብ ይሆናል፣ ከዚያ በድንገት ይተልቃል። ዓይናችን ደግሞ የሚንቀሳቀስ ነገርን ነው በቀላሉ የሚይዘው። ስለዚህ ሰማዩን በደፈናው ከመቃኘት ይልቅ ከፋፍለው፣ በየክፍሉ ላይ ዓይንዎን ለአፍታ እያሳረፉ ይፈልጉ።

እግርን ማስተኛት

መኪና የለመደ ሰው በመሪው ብቻ መታጠፍ ይፈልጋል። አብዛኞቹ የስልጠና አውሮፕላኖች ላይ ፕሮፔለሩ ከአብራሪው ወንበር ሲታይ ወደ ቀኝ ስለሚዞር፣ በሙሉ ኃይል ሲነሱ አፍንጫዋ ወደ ግራ መሄድ ትፈልጋለች። ቀኝ ፔዳል ያልረገጠ ሰልጣኝ ከመንደርደሪያው መሐል መስመር ወደ ግራ ሲንሸራተት ያገኙታል፤ እሱ ግን ነፋስ ነው ይልዎታል። የጎን መንሸራተትን በሚያሳየው መሳሪያ ላይ ያለችው ኳስ ወዴት እንዳዘነበለች ይዩና በዚያው በኩል ያለውን ፔዳል ይርገጡ። ይህ ለውበት ብቻ የሚደረግ የሚመስለው ካለ ቀጣዩን ያንብብ።

ስቶል ማለት ቀስ ብሎ መብረር ብቻ ነው ብሎ ማመን

ከሁሉ በላይ ሰው የሚገድለው የተሳሳተ ግንዛቤ ይህ ይመስለኛል። በመጀመሪያ ስቶል የሞተር መጥፋት አይደለም፤ ሞተሩ በሙሉ ኃይል እየሠራም ይሆናል። ክንፉ ከሚመጣው አየር ጋር የሚሠራው አንግል ከልክ ሲያልፍ፣ ይኸውም በአብዛኛው ትንሽ አውሮፕላን 15 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ፣ አየሩ ከክንፉ ላይ ተላቅቆ የማንሳት ኃይሉ ይወድቃል። ይህ በየትኛውም ፍጥነት ሊሆን ይችላል። የአውሮፕላኗ መመሪያ መጽሐፍ ላይ የሰፈረው የስቶል ፍጥነት ቀጥ ብለው ሲበሩ ያለው ነው። ቀጥ ባለ በረራ በ50 ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት የሚለካበት አሃድ) ስቶል የምታደርግ አውሮፕላን፣ ከፍታዋን ሳትለቅ በ45 ዲግሪ ስታዘነብል 60 ኖት ገደማ፣ በ60 ዲግሪ ስታዘነብል ደግሞ 70 ኖት ገደማ ላይ ስቶል ታደርጋለች።

አሁን ወደ ማረፍ ስንዞር የሚሆነውን በቅርበት እንየው። ሰልጣኙ ቤዝ ላይ ነው፣ ይኸውም ወደ ፋይናል፣ ማለትም ከመንደርደሪያው ጋር ወደሚያቃናው የመጨረሻ መስመር፣ ከመታጠፉ በፊት ያለው አግድም መስመር ላይ፤ ነፋሱ ከኋላ ስለሚገፋው ወደ ፋይናል ለመታጠፍ ይዘገያል። መንደርደሪያው በግራው አልፎት ሲሄድ ያያል። መሬት ቅርብ ስለሆነ በደንብ ማዘንበል ይፈራል፤ ስለዚህ አፍንጫዋን ለማዞር ግራ ፔዳሉን ይጨምራል። ፔዳሉ ክንፏን ይበልጥ ስለሚያዘነብላት መሪውን ወደ ቀኝ ይመልሳል። አፍንጫዋ ወደ መሬት ስትወርድበት ደግሞ ይስባል። እግሩ በግራ፣ እጁ በቀኝ፣ መሪው ወደ ራሱ ተስቧል፤ ኳሷም ወደ ውጭ ተወርውራለች። የውስጠኛው ክንፍ ቀድሞ ስቶል ያደርግና አውሮፕላኗ ወደዚያው ተገልብጣ ወደ ስፒን፣ ማለትም እየተሽከረከረች ወደ መውደቅ፣ ትገባለች። ከመሬት 500 ጫማ ላይ ከስፒን ለመውጣት የሚበቃ ከፍታ የለም።

መድኃኒቱ እዚያ መታጠፊያ ላይ የለም። ቀደም ብሎ ነፋሱን አስቦ ቶሎ መታጠፍ ነው። መስመሩን ካለፉትም አልፈውታል፤ ክንፏን አቃንተው፣ ኃይል ሰጥተው እንደገና ይዙሩ። ስቶሉ ከጀመረ ደግሞ ደመ ነፍስ "ሳብ" ይላል፤ እሱን እንቢ ብለው መሪውን ወደፊት ይልቀቁት።

ፍጥነት ተሸክሞ ማረፍ

"ለጥንቃቄ" ብለው አምስት፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ አምስት ኖት የሚጨምሩ አሉ። ለማረፍ የሚያስፈልገው ርቀት የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ልክ ነው፤ በ10 በመቶ ፍጥነት መጨመር 21 በመቶ ገደማ ርቀት ያስከፍላል። ይህ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ከልክ በላይ የፈጠነች አውሮፕላን መንሳፈፏን አታቆምም፤ ሰልጣኙ ትዕግሥቱ አልቆ መሪውን ገፍቶ ሊያስቀምጣት ሲሞክር የፊት ጎማዋ ቀድሞ ይነካል። ትነጥራለች፣ እሱ እንደገና ይገፋል፣ ሁለተኛው ንጥረት ከመጀመሪያው ይብሳል። በሦስተኛው ላይ ፕሮፔለሩ አስፋልት ሊመታ ይችላል።

ከነጠረች አይታገሏት፤ ኃይል ሰጥተው ይነሱ። ማረፍ ትቶ መነሳትን እንደ ሽንፈት የሚቆጥር ሰው ያጋጥመኛል። የእኔ ዳኝነት ተቃራኒው ነው፤ ሳይጨነቅ ትቶ የሚነሳ ሰልጣኝ ብቻውን ለመብረር የተዘጋጀ ነው።

ቼክሊስቱን በቃል መወጣት

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 30 ቀን 1935 ቦይንግ ሞዴል 299 የተባለ አዲስ ቦምብ ጣይ ለሙከራ ተነስቶ ወዲያው ተከሰከሰ፤ ሁለት ሰዎች ሞቱ። አብራሪዎቹ ጀማሪዎች አልነበሩም። የጅራቱን መቆጣጠሪያዎች በነፋስ እንዳይወዛወዙ መሬት ላይ የሚያስራቸው መቆለፊያ ሳይከፈት ቀርቶ ነበር። አብራሪዎች ዛሬ የሚጠቀሙበት የጽሑፍ ቼክሊስት ሥር የሰደደው ከዚያ አደጋ በኋላ ነው። ጀማሪ ቼክሊስቱን እያነበበ ይሠራል፤ ችግሩ የሚመጣው ትንሽ ከለመደ በኋላ ነው፣ በተለይ መሐል ላይ ሰው ሲያናግረው። ከተቋረጡ ካቆሙበት አይቀጥሉ፤ የዚያን ክፍል መጀመሪያ ይያዙ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ ግን የፈሰሰው ሁልጊዜ አይለቀምም። መቆጣጠሪያዎቹ እስከ ጥግ በነፃ መንቀሳቀሳቸውንም ከመነሳትዎ በፊት በእጅዎ ይፈትሹ።

የነዳጅ ጌጁን ማመን

የትንሽ አውሮፕላን ጌጅ ግምት ነው። ክንፉ ላይ ወጥቶ ክዳኑን ከፍቶ በመለኪያ ዘንግ የሚለካ ሰው ያውቃል፤ ሌላው ይገምታል። ከታንኩ ሥር በብርጭቆ የሚቀዳውንም ናሙና ለወጉ ያህል ቀድተው አይድፉት። ወደ ብርሃን አንሱት፦ መቶ ኦክቴን አነስተኛ እርሳስ የሚባለው የፒስተን ሞተር ነዳጅ ሰማያዊ ነው። ውሃ ካለበት ከነዳጁ ስለሚከብድ ከሥር ቀለም የሌለው ኳስ ሠርቶ ይቀመጣል። ብርጭቆው ሙሉ ለሙሉ ቀለም የለሽ ከሆነ ደግሞ ወይ ሁሉም ውሃ ነው፣ ወይ የጄት ነዳጅ ተቀድቷል፤ በሁለቱም መንገድ አይነሱም።

መለኪያ መደባለቅ ትልልቆቹንም አልማረም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1983 የኤር ካናዳ በረራ 143 ነዳጁ በኪሎ መሰላት ሲገባው በፓውንድ ተሰልቶ ከሚያስፈልገው ግማሽ ባልሞላ ነዳጅ ተነሳ። ቦይንግ 767ቱ ሁለቱም ሞተሮቹ አየር ላይ ጠፉ፤ አብራሪዎቹ እያንሳፈፉ ጊምሊ የሚባል የቀድሞ የአየር ኃይል ጣቢያ ላይ አሳረፉት፤ የሞተ ሰው አልነበረም። ሊትር፣ ጋሎን፣ ኪሎ፣ ፓውንድ፤ የትኛውን እንደሚናገሩ ሁልጊዜ ይጥሩት። በብዙ ቦታ ሕጉ በቀን በዓይን ለሚበር ሰው የሚጠይቀው መጠባበቂያ የ30 ደቂቃ ነዳጅ ነው። እኔ ግን ሰልጣኝ ከአንድ ሰዓት በታች ይዞ ሲያርፍ ማየት አልወድም።

ሙቀትን አለመቁጠር

አየር ሲሞቅና ከፍታ ሲጨምር ይሳሳል። ሞተሩ ይደክማል፣ ፕሮፔለሩ የሚይዘው አየር ያንሳል፣ ክንፉም እንደዚሁ። ስሌቱ ከባድ አይደለም። መደበኛው ሙቀት በባሕር ወለል 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ በየ1000 ጫማው 2 ዲግሪ ይቀንሳል። በ5000 ጫማ ከፍታ ላይ ባለ መንደርደሪያ መደበኛው 5 ዲግሪ ነው ማለት ነው። በዚያ ቀን ሙቀቱ 30 ከሆነ በ25 ዲግሪ ይበልጣል። ለእያንዳንዱ ዲግሪ 120 ጫማ ገደማ ይጨምሩ፤ አውሮፕላኗ የምትሠራው 8000 ጫማ ላይ እንዳለች ሆና ነው።

ስህተቱ መጽሐፉ ላይ ያለውን የመነሻ ርቀት ሠንጠረዥ አለማየት ብቻ አይደለም። በሳሳ አየር የፍጥነት መለኪያው የለመዱትን ቁጥር ሲያሳይ መሬቱ ግን ከወትሮው ፈጥኖ ያልፋል። መንደርደሪያው ሲያጥርበት ሰልጣኙ ቀድሞ ይስባል፣ አውሮፕላኗም ከመሬት ትንሽ ተላቃ መውጣት ያቅታታል። ጠዋት መብረር፣ ጭነት መቀነስ፣ ካልሆነ መተው ነው።

ካርቡሬተሩን መርሳት

በረዶ የሚሠራው ብርድ ላይ ብቻ ይመስላል። አየርና ነዳጅ በሚቀላቀሉበት የሞተሩ ክፍል፣ በካርቡሬተር ውስጥ፣ ግን ነዳጁ ሲተንና አየሩ ሲጠብብ ሙቀቱ በጣም ስለሚወርድ፣ እርጥበት ባለበት ቀን ውጭው 20 ዲግሪ ሆኖም በረዶ ሊጋገር ይችላል። የሞተሩ ዙር ቀስ እያለ ሲወርድ ማሞቂያውን ይክፈቱ። በረዶው ሲቀልጥ ሞተሩ ለጥቂት ጊዜ ይንገጫገጫል፤ ብዙዎች ያኔ ደንግጠው ይዘጉታል። አይዝጉት።

"ትንሽ ደመና ነው፣ አልፈዋለሁ"

በዓይን ብቻ ለመብረር የሰለጠነ ሰው ደመና ውስጥ ሲገባ የሚያታልለው የገዛ ጆሮው ነው። በውስጠኛው ጆሮ ያለው የሚዛን ስሜት ረጅምና ቀስ ያለ መዞርን እንደ ቀጥታ ጉዞ ይቀበለዋል። አብራሪው ቀጥ ብያለሁ እያለ አውሮፕላኗ አዘንብላ እየዞረች ትወርዳለች፤ ሲስብ ደግሞ ዙሩን ያጠብቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1954 የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመሳሪያ በረራ ያልሰለጠኑ 20 ሰዎችን ከአሰልጣኝ ጋር አድርገው የውጭውን እይታ ሸፈኑባቸው። ሃያዎቹም መቆጣጠር አቃታቸው፤ በአማካይ የፈጀባቸው 178 ሰከንድ ነበር።

ይህም ስህተት የሚሠራው ቤት ውስጥ ነው፣ "ዛሬ መድረስ አለብኝ" ለሰው ቃል ሲገባ። እደርሳለሁ ብለው ቀጠሮ አይስጡ፤ የሚመለሱበትን የደመና ከፍታና የእይታ ርቀትም መሬት ላይ ሳሉ በቁጥር ጽፈው ይያዙ፤ አየር ላይ ሆነው ከራስዎ ጋር እንዳይደራደሩ።

ከፍታ መለኪያውን ሳያስተካክሉ መሄድ

ከፍታ መለኪያው የሚሠራው በአየር ግፊት ስለሆነ የአካባቢው ግፊት ይሞላለታል፤ በዚህ ቁጥር ላይ የአንድ ሄክቶፓስካል (የግፊት አሃድ) ስህተት 30 ጫማ ገደማ ነው፤ 10 ከሆነ 300። ግፊቱ ዝቅ ወዳለበት አካባቢ ሲበሩ መለኪያው ካሉበት ከፍ አድርጎ ያሳየዎታል። አዲሱን ቁጥር ሲሰጡዎት ወዲያው ያስገቡ።

ሬዲዮ ላይ ማፈር

ተቆጣጣሪው ፈጥኖ ተናግሮ ያልገባው ሰልጣኝ "እሺ" ይላል፤ ይህ አደገኛ ጨዋነት ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 27 ቀን 1977 ቴኔሪፍ ላይ ሁለት ቦይንግ 747ቶች መንደርደሪያ ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሲሞቱ፣ አንዱ አውሮፕላን የመነሳት ፈቃድ ሳያገኝ መንደርደር ጀምሮ ነበር፤ በሬዲዮው የተባለውንም ሁለቱ ወገኖች በየራሳቸው ተረድተውት ነበር። ያልገባዎትን ያስደግሙ፣ የተፈቀደልዎትን ሙሉውን መልሰው ያንብቡ።

ችግር ሲገጥምም ለስላሳ ቋንቋ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በጥር 1990 ኒው ዮርክ አጠገብ የወደቀው የአቪያንካ በረራ 52 ሠራተኞች ነዳጅ እያለቀብን ነው ብለው ነበር፤ አደጋ ላይ መሆናቸውን ግን በተለመደው ቃል አላወጁም፤ 73 ሰዎች ሞቱ። "ሜይዴይ" ማለትና ትራንስፖንደሩ (አውሮፕላኗን ለራዳር የሚያሳውቀው መሳሪያ) ላይ የአደጋውን ኮድ 7700 ማስገባት አያሳፍርም። ብቻ ቅደም ተከተሉን አይገልብጡ፦ መጀመሪያ አውሮፕላኗን ያብርሩ፣ ከዚያ የት እንዳሉ ይወቁ፣ ከዚያ ያውሩ። ከተነሱ በኋላ ዝቅተኛ ከፍታ ላይ ሞተር ከጠፋም ቀዳሚው ሥራ አፍንጫዋን ዝቅ አድርጎ ፊት ለፊት ማረፊያ መፈለግ ነው፤ ወደ መንደርደሪያው ለመመለስ መታጠፍ ያንኑ ቤዝ ላይ ያየነውን ስቶል ይጋብዛል።

ሰዓትን ከሰው ጋር ማወዳደር

ሰልጣኞች ሲገናኙ የመጀመሪያው ጥያቄ "በስንት ሰዓትህ ብቻህን በረርክ?" ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ለግል አብራሪ ፈቃድ በመደበኛነት ያስቀመጠው 40 ሰዓት ትንሹ መጠን ነው፤ አብዛኛው ሰው ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ የሚበር በወር አንዴ ከሚበር ባነሰ ሰዓት ይጨርሳል፤ ያኛው የእያንዳንዱን ትምህርት ግማሽ የረሳውን ሲያስታውስ ይፈጀዋልና። የጓደኛዎ አውሮፕላን ፍጥነቶችም የእርስዎ አይደሉም፤ ሞዴሉ አንድ ሆኖ እንኳ የተሠራበት ዓመት ቁጥሩን ይለውጠዋል። የሚበሩባትን የራሷን መጽሐፍ ከፍተው ይዩ። ለአሰልጣኝዎ ደግሞ የሚፈሩትን ልምምድ በስሙ ጠርተው ይንገሩት፤ ስቶል ከሆነ ስቶል፣ የጎን ነፋስ ከሆነ የጎን ነፋስ። ሳይነገረው ከቀረ ያንን ልምምድ የሚያገኙት አሰልጣኙ በሌለበት ቀን ነው።