የርቀት ተማሪዎች፣ የውይይት መልመጃውን አትዝለሉት

የኮሚዩኒኬሽን ሞጁል ላይ "ከጓደኛህ ጋር ተወያይ" የሚል መልመጃ ሲመጣ ብዙዎቻችን እናልፈዋለን። ከማን ጋር እንወያይ? ግን ስልክ አለ። ጥያቄውን አንብቡ፣ ሞጁሉን ክደኑ፣ የድምፅ መቅጃውን ክፈቱና 2 ደቂቃ አውሩ። እያነበባችሁ ሳይሆን ከራሳችሁ። ከዚያ አዳምጡት። መጀመሪያ የራስን ድምፅ መስማት ይጨንቃል፣ እመኑኝ ይለመዳል።

ስታዳምጡ አንድ ነገር ብቻ ያዙ። ዛሬ "እ... እ..." ያበዛችሁበትን ቦታ፣ ነገ ሐሳቡ የተቆረጠበትን። ሁሉንም ባንዴ ማረም ያደክማል። ያንኑ ርዕስ ድገሙና ሁለተኛውን ቅጂ ለአንድ ዘመድ በቴሌግራም ላኩ። "እንዴት ነው?" አትበሉት፣ "ጎበዝ" ብሎ ይገላግላችኋል። "ምን ገባህ?" በሉት። ያልገባው ቦታ ላይ ነው የምትሠሩት። ቅጂዎቹንም አታጥፏቸው፤ ለቲቶሪያል ስትሄዱ መምህሩን አሰሙት።