ሻተርና የፎቶ ብዥታ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ተንቀሳቅሷል» ተብለው የሚጣሉ ፎቶዎች አብዛኞቹ የሌንስ ጉድለት ያለባቸው አይደሉም፤ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚመነጨው የሻተርን (ብርሃን ወደ ካሜራው የሚያስገባውንና የሚዘጋውን ክፍል) አሠራር ካለመረዳት፣ በተለይም ሁለት ጊዜያትን ከማምታታት ነው። አንደኛው እያንዳንዱ የሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው የካሜራው ገጽ) ክፍል ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ ሲሆን፣ በካሜራው ላይ የምናነበው የሻተር ፍጥነት ቁጥር፣ ለምሳሌ 1/100 ሰከንድ፣ የሚነግረን ይህንኑ ብቻ ነው። ሌላው ሻተሩ ሴንሰሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለማቋረጥ የሚፈጅበት ጊዜ ነው።

ከሁሉ የሚዘወተረው ስህተት 1/100 ሰከንድን እንደ ፈጣን መቁጠር ነው። በድሬዳዋ ከዚራ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባጃጅ በሰከንድ 10 ሜትር ስለሚጓዝ፣ በዚያች 1/100 ሰከንድ ውስጥ 10 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። ፎቶው በወርዱ 4 ሜትር የሚያሳይና 6000 ፒክስል ያለው ከሆነ ባጃጁ 150 ፒክስል (የምስሉ ነጥብ) ያህል ተስቦ ይደበዝዛል፤ በ1/1000 ግን ወደ 15 ይወርዳል። ያው ባጃጅ ከጎን ከማለፍ ይልቅ ፊት ለፊት ሲመጣ ብዥታው በእጅጉ ስለሚቀንስ፣ ብርሃን ባጠረ ጊዜ የቆሙበትን ቦታ መቀየር ያዋጣል።

ማረጋጊያ ያለው ሌንስ ሁሉን ይፈታል ብሎ ማመንም ያሳስታል። ማረጋጊያ የሚያርመው የእጅን መንቀጥቀጥ ብቻ ነው፤ ማታ ከሐረር ጀጎል ግንብ ውጭ ጅብ ሲቀለብ በ1/15 ያነሣ ሰው ድንጋዩን ጥርት ብሎ፣ ሥጋ ለመንጠቅ የተወረወረውን የጅብ ራስ ግን ጭጋግ ሆኖ ያገኘዋል። ፈጣን ሻተር ለመጠቀም አይኤስኦን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ትብነት) መጨመርን የሚፈሩ ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን በዚህ የሚመጣው ኖይዝ (በምስሉ ላይ የሚታይ ሻካራ ነጠብጣብ) በኋላ ሊቀነስ ሲችል፣ የተሳበ ፊትን ማጥራት እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ሻተር በአንድ ጊዜ ተከፍቶ በአንድ ጊዜ ይዘጋል የሚለው እምነት ደግሞ በሠርግ ቤት ዋጋ ያስከፍላል። ሻተሩ ተከታትለው የሚሄዱ ሁለት መጋረጃዎች አሉት፤ በ1/2000 ላይ የመጀመሪያው ጉዞውን ሳይጨርስ ሁለተኛው ስለሚከተለው፣ በሴንሰሩ ላይ የሚያልፈው ጠባብ ክፍተት ብቻ ነው። ሴንሰሩ በሙሉ ባንድነት የሚከፈተው በብዙ ካሜራዎች እስከ 1/200 ወይም 1/250 ባለው ፍጥነት በመሆኑ፣ ከዚያ በላይ ተራ ፍላሽ ሲበራ የፎቶው ከፊል ይጠቁራል። ፍላሹ በልማድ የሚበራው በመክፈቻው ላይ መሆኑም ሊረሳ አይገባም፤ በዝግታ ፍጥነት ሲነሣ የሚጨፍር ሰው ብዥታ ከፊቱ ይወጣና ወደ ኋላ የሚሄድ ያስመስለዋል። ፍላሹ ሁለተኛው መጋረጃ ሊዘጋ ሲል እንዲበራ ማድረግ ብዥታውን ወደ ኋላው ይመልሰዋል።

በስልክና ድምፅ በማያሰማው (ኤሌክትሮኒክ) ሻተር ላይ የሚሠራው ስህተት ከዚህ የባሰ ድብቅ ነው። በእነዚህ መጋረጃ የለም፤ ሴንሰሩ መስመር በመስመር ይነበባል። በድሬዳዋ ሙቀት ከጣሪያ የማይጠፋውን ቬንትሌተር በስልክ ብታነሡት ክንፎቹ እንደ ማጭድ ጎብጠው ይታያሉ። የሻተሩን ፍጥነት መጨመር የክንፎቹን ጠርዝ ያጠራል እንጂ አያቃናቸውም፣ የንባቡ ጊዜ ስለማይለወጥ። መፍትሔው መጋረጃ ያለው ሜካኒካል ሻተር ነው፤ ያለ መጋረጃም ቢሆን ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2023 ያስተዋወቀው ኤ9 ማርክ 3 ካሜራ ሁሉንም መስመር ባንድ ቅጽበት ይይዛል፣ ዋጋው ግን የአብዛኞቻችን አይደለም። በርካሽ የኤልኢዲ መብራት ሥር ደግሞ፣ መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነና በሰከንድ 100 ጊዜ ስለሚርገበገብ፣ ምስሉ ላይ ጥቁር ሰንበር እንዳይወጣ 1/50 ወይም 1/100 መምረጥ ይረዳል።

በመጨረሻም ብዥታን ሁሉ እንደ ጠላት ማሳደድ አለ። በ1/2000 የተነሣ ባጃጅ ጎማው የማይሽከረከር መስሎ ስለሚታይ የቆመ ይመስላል። በ1/30 ወይም በ1/60 ካሜራውን ከባጃጁ ጋር እኩል ማዞር የተሻለ ፎቶ ያስገኛል፤ እዚህም የሚበላሸው አዝራሩ ሲጫን እጅ ቀጥ ሲል ነውና፣ ማዞሩ ከመጫን በፊት ይጀመር፣ ሻተሩ ከተዘጋ በኋላም ጥቂት ይቀጥል።