«ፕሬሸስ ሎርድ»ን ከመዘመራችሁ በፊት

«ውድ ጌታ ሆይ፣ እጄን ያዝ» የሚለውን የጎስፔል (የጥቁር አሜሪካውያን የቤተ ክርስቲያን) መዝሙር ብዙዎቻችን በእንግሊዝኛው «ፕሬሸስ ሎርድ» ብለን ነው የምናውቀው። ኳየሮች ይወዱታል። ታሪኩን ሲናገሩት ግን ያበላሹታል፤ አንዳንዴም ሲዘምሩት።

በመጀመሪያ ስሙን አትሳቱ። ኢንተርኔት ላይ የሚዞር ጽሑፍ ደራሲው ቶሚ ዶርሲ ነው ይላል። ቶሚ ዶርሲ ትሮምቦን የሚነፋ ነጭ የዳንስ ባንድ መሪ ነበር። መዝሙሩ የቶማስ ኤ. ዶርሲ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1899 ጆርጂያ ተወልዶ ቺካጎ የኖረ ጥቁር አሜሪካዊ። እኔም አንዴ ኳየር ፊት ቆሜ የተሳሳተውን ተናግሬያለሁ። ማንም አላረመኝም፤ የባሰው ይሄ ነው።

የዓለም ዘፋኝነቱንም አትደብቁ። ዶርሲ «ጆርጂያ ቶም» እየተባለ ብሉዝ፣ ማለትም የጥቁር አሜሪካውያንን የትካዜ ዘፈን፣ ይጫወት ነበር፤ ታዋቂዋን የብሉዝ ዘፋኝ ማ ሬይኒን በፒያኖ ያጅባት ነበር። የጎስፔሉ የሚያቃስት ድምፅ ከየት የመጣ ይመስላችኋል?

ከሁሉ የሚበዛው ስህተት «ሚስቱ በሞተችበት ሌሊት ጻፈው» የሚለው ነው። እንዲያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1932 ዶርሲ ለአገልግሎት ሴንት ሉዊስ ሄዶ ነበር። እርጉዝ ሚስቱ ኔቲ ቺካጎ ቀርታለች። በወሊድ መሞቷን የሚናገር ቴሌግራም መጣለት። ሕፃኑም ብዙ ሳይቆይ ተከተላት። እናትና ልጅ በአንድ ሣጥን ተቀበሩ። ዶርሲ እግዚአብሔርን አኮረፈ፤ ጎስፔል መጻፍም አስጠላው። ፒያኖ ፊት ተቀምጦ ይህን መዝሙር ያገኘው ከቀብሩ ቀናት በኋላ ነው። እነዚያን የኩርፊያ ቀናት ዘላችሁ ከተረካችሁ ታሪኩ ተረት ይሆናል። ዜማውም ቢሆን ያን ቀን አልተፈጠረም፤ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጣ የቆየ የመዝሙር ዜማ ነው። «ውድ» የምትለዋን ቃል እንኳ ጓደኛው ዘማሪ ቴዎዶር ፍራይ ነው ያቀበለው። ዶርሲ «ብሩክ ጌታ» ብሎ ነበር የጀመረው።

ሌላው ልቅሶ ቤት የሚሠራ ስህተት ነው። ይህን መዝሙር «በቃ፣ አታልቅሺ» ለማለት አትጠቀሙበት። ግጥሙ ሞት ለምን እንደመጣ አያስረዳም። ደክሞኛል፣ ጨልሞብኛል፣ ምራኝ ይላል፤ በቃ። ከመሐል ገብታችሁ ስብከት አትጨምሩበት። ሐዘንተኛዋ ብታለቅስ ታልቅስ።

ፍጥነቱ ደግሞ! እባካችሁ የኪቦርዱን ሪትም አጥፉት። ዘማሪዋ በየሐረጉ ትተንፍስ፤ ፒያኖው ይጠብቃት። ታዋቂዋ የጎስፔል ዘማሪ ማሃሊያ ጃክሰን የዘፈነችውን ፈልጋችሁ ስሙ፤ አንዷን ቃል ምን ያህል እንደምታቆያት ልብ በሉ።

ማርቲን ሉተር ኪንግ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 4 ቀን 1968 ሜምፊስ ውስጥ ሞቴሉ በረንዳ ላይ ቆሞ ነበር። ከታች ለቆመው ሳክስፎን ተጫዋች ለቤን ብራንች፣ ማታ በስብሰባው ላይ ይህንኑ መዝሙር አሳምሮ እንዲጫወትለት ነገረው። ወዲያው ተተኮሰበት። ከአምስት ቀን በኋላ ማሃሊያ ለቀብሩ ዘመረችው።